የገብርኤል ደጅ ዘበኛ

እርጥብ ገብስ ሲሸተኝ ሳቄ ይመጣል። ባለፈው ጥቅምት መገባደጃ ለዘመድ ሠርግ ወደ እስቴ ስሄድ፣ መካነ ኢየሱስ ለመግባት ትንሽ ሲቀረን የመኪናችን ጎማ ተነፈሰ። እግሬን ላፍታታ ብዬ ስወርድ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ማሳ፣ ታጭዶ ካፊያ የነካው የገብስ ነዶ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ ደኅና ነኝ እናቴ፤ የገብርኤል ዘበኛ ትዝ ብለውኝ ነው" አልኋት። ምን መሰልኋት መሰላችሁ! ዘንቢሏን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

እናቴ መንታ የወለደች ዓመት ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሁለቱ ሕፃናት በየተራ ሲያለቅሱ፣ እኔ ደግሞ "ማን አየኝ?" ብዬ ሦስተኛ ሆኜ አለቅሳለሁ። አባቴ አንድ ጧት ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቶ "ትርንጎ፣ ትንሽ ጊዜ አያ ደምለው ዘንድ ብትቆዪ ምን ይመስልሻል?" አለኝ። ምን እንደሚመስለኝ ሳልናገር ልብሴ በፌስታል ተጠቅልሎ በር ላይ ተቀምጦ ነበር።

አያ ደምለው የአባቴ አጎት ናቸው። ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ ከሚስታቸው ከእምዬ አንጓች ጋር ነበር የሚኖሩት። ረጅም፣ ጠይም፣ ጺማቸው የሾለ ሽማግሌ ናቸው። ቁጡ ናቸው ይባላል፤ እውነትም ቁጡ ነበሩ። በሬያቸውን ሲቆጡ ወዲያ ማዶ ያለው በሬ ይደነግጣል። እኔ ላይ ግን ያ ቁጣ አልሠራ አለ። የገባሁ ዕለት ጉልበታቸው ላይ ወጥቼ ጺማቸውን ጎተት ሳደርገው እምዬ አንጓች "በቃ፣ አለቀላት" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አያ ደምለው ግን "ይቺስ የኛው ዘር ናት" ብለው ሳቁ።

እሑድ እሑድ ሦስታችንም ወደ ገብርኤል እንወጣለን። ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ነው፤ ዙሪያውን ጽድና ወይራ ከቦታል፤ ቅጥሩ ድንጋይ፣ ደጁ የጽድ ጣውላ ነው። እምዬ ደጁን ተሳልመው ይገባሉ። አያ ደምለው ደጁን ይሳለሙና ወደ ጎን ዞር ብለው፣ ቅጥሩን ተደግፈው፣ ዱላቸውን ፊታቸው ተክለው ይቆማሉ። ዝናብ ቢሆን፣ ብርድ ቢሆን፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አይሉም። ሕዝቡ ሲገባ "እንዴት አደሩ አያ ደምለው?" ይላል፤ እሳቸውም "እግዜር ይመስገን፤ ግቡ፣ ግቡ" ይላሉ።

ታዲያ እኔ ምን ላስብ? ከተማ ባንኩ ደጅ፣ ጤና ጣቢያው ደጅ፣ ዱላ ይዞ ቆሞ ግቡ የሚል ሰው አይቻለሁ። ዘበኛ ነው። የኛ አያ የገብርኤል ዘበኛ ናቸው! ደስታዬን አልቻልሁትም። እዚያው በገባሁበት ትምህርት ቤት መምህራችን የቤተሰቦቻችንን ሥራ በየተራ ሲጠይቁን ሁሉም "ገበሬ"፣ "ገበሬ" እያለ ተቀመጠ። እኔ ብድግ ብዬ "እኔ ያለሁባቸው አያ ደምለው የገብርኤል ዘበኛ ናቸው" አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሳል መጣባቸውና ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞሩ። ቅናት ነው ብዬ አለፍሁት።

ከዚያ ወዲያ ከእምዬ ጋር መግባቴን ትቼ የሳቸው ረዳት ሆንሁ። አንዷን ሴትዮ "ጫማሽን እዚህ ነው ወይስ ውስጥ የምታወልቂው?" ብዬ አፋጥጫታለሁ። ከውጭ ሆነን ቅዳሴውን በጆሮ እንከታተላለን። አያ ደምለው ዜማው የቱ ጋ እንደደረሰ ያውቃሉ፤ ቃጭሉ ሲሰማ ጎንበስ ይላሉ፤ እግዚኦታው ሲመጣ ግንባራቸውን ቅጥሩ ላይ አስደግፈው ከሕዝቡ ጋር ይላሉ። አንዳንዴ ግንባራቸውን ሲያነሱ ድንጋዩ እርጥብ ሆኖ አያለሁ። ጤዛ ነው እል ነበር። ሲያልቅ እምዬ ጠበል በትንሽ ቅል ያመጡላቸዋል፤ በኋላ ግን ያ ሥራ የኔ ሆነ። ሮጬ ገብቼ አስቀዳለሁ፣ ሳላፈስ አወጣለሁ፣ አያ ደምለው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ይጠጣሉ።

አንድ ሰው ብቻ አለ፣ አያ ደምለው እንዲገባ የማይጋብዙት። ካሴ ይባላል፤ ከማሳችን በላይ ያለው ጎረቤት ነው፤ ሲስቅ ድዱ ሁሉ የሚታይ ሰው። እሑድ እሑድ እዚያ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እስከ መሬት ጎንበስ ብሎ "እንዴት አደሩ አያ ደምለው?" ይላል። አያ ደምለው ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ። "ዛሬስ ዝናብ ይመጣ ይሆን?" ይላሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ካሴ ትንሽ ይጠብቅና ይገባል። የሚቀጥለው እሑድም እንደዚያው። ነገሩ ለኔ ግልጥ ነበር፤ ዘበኛ ሰላም የማይለው ሰው ሌባ ነው። ካሴ ባለፈ ቁጥር እጁን አየዋለሁ፣ አንዳች ነገር ይዞ እንዳይወጣ።

እውነቱን ኋላ ነው ያወቅሁት፤ ለእናንተ ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ። መሬት የተደለደለ ጊዜ፣ ከአያ ደምለው ማሳ እኩሌታው በዕጣ ለካሴ ደረሰው። ካሴ ያኔ ገና ጎጆ የወጣ ጎረምሳ ነው፤ ዕጣ ና አውጣ አሉት፣ አወጣ፣ የደረሰውን አረሰ። አያ ደምለው ግን ያን መሬት ከአባታቸው ጋር ድንጋይ እየለቀሙ ያቀኑት ነው። ነደዱ። ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ በዚያው በገብርኤል ደጅ "ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ቅጥር ብገባ ገብርኤል ይፍረድብኝ!" ብለው ማሉ። ካሴ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን አይተውም፤ እሳቸው መሐላቸውን አይተውም። ስለዚህ ውጭ ቀሩ።

ይኸ ሁሉ የከበደው እምዬ አንጓች ላይ ነበር። በኛ አገር ባልና ሚስት ዕድሜያቸው ሲገፋ አብረው ይቆርባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሞት ካልሆነ የሚለያቸው የለም። እምዬ ነጭ ቀሚስና ነጠላ አስፈትለው፣ አሠርተው፣ ሳጥን ውስጥ ካስቀመጡ ቆይተዋል። አልፎ አልፎ ያወጡና ያናፍሱታል። ያን ጊዜ አያ ደምለው ከቤት ይወጣሉ።

"አንቱ ሰው፣" ይላሉ እምዬ ከኋላቸው፣ "እኔ ብቻዬን መንግሥተ ሰማያት ገብቼ ማንን ልቆጣ?"

"እሱ አጥቢያውን ይልቀቅ፣ እኔ እገባለሁ!" ይላሉ አያ ደምለው ከውጭ።

ንስሐ አባታቸው አባ ፈንታም ሳይለምኑ፣ ሳይገሥጹ ቀርተው አይደለም። "መሐላውን እኔ እፈታዋለሁ፤ ልብዎን ግን የሚፈታው እግዚአብሔር ነው፤ እስቲ እሺ ይበሉት" ይሏቸዋል። አያ ደምለው ጠላ ቀድተው ያቀርቡላቸውና ስለ በሬ ዋጋ ያወራሉ።

ገብሱ ቢጫ ሆኖ ማጭድ ሲጠብቅ፣ አያ ደምለው ከወንዝ ሲወጡ አዳለጣቸውና እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻው በሸምበቆ ጠፍሮ አሰራቸውና "ከዚህች መደብ ቢወርዱ እኔን አያውቁኝም" ብሎ ሄደ። ወንድ ልጃቸው ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዷል፤ አባቴ ከመንቶቹ ጋር ነው። በዚያ ላይ መውጣት የነበረበት ክረምት አልወጣ አለ፤ ማታ ማታ ይዘንባል። አያ ደምለው መደቡ ላይ ተጋድመው በጣራው የሚንጠባጠበውን እየሰሙ "ገብሴ፣ ገብሴ" ይላሉ።

ካሴ ሊጠይቃቸው መጣ። ከውጭ ድምፁን ሲሰሙ አያ ደምለው ቀጥ አሉና፣ ማዶ በሚሰማው ድምፃቸው "አንጓች! የለም በይው!" ብለው ጮኹ።

ከዚያ ካሴ ከደጅ "እሺ እምዬ፣ ሲመጡ እግዜር ይማርዎ ብሏል በሉልኝ" አለ። እምዬ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። አያ ደምለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በማግስቱ ወይም በሳልስቱ ይመስለኛል፣ ጧት ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። ቀና ስል ማሳችን ሰው በሰው ሆኗል። ማጭድ ሽው ሽው ይላል። የአጥቢያው ሰው ነው፤ ከፊት ደግሞ ካሴ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገልብጦ፣ የኛን ገብስ ያጭዳል! ልጆቹ ነዶ ነዶውን ተሸክመው ወሰኑን ተሻግረው፣ ወደሱ አውድማ ያወጡታል። ወደሱ! አልነገርኋችሁም? ሌባ ነው ብያለሁ እኮ! "አያ ደምለው! ሌባ! ካሴ ገብሳችንን እየወሰደ ነው!" እያልሁ ቤቱን በጩኸት ሞላሁት።

እምዬ ውሃ ሊቀዱ ወርደው ነበር። አያ ደምለው "ዱላዬን!" አሉ። ሰጠኋቸው። እንዴት እንደተነሱ እኔም አላውቅም። በአንድ እጃቸው ዱላውን፣ በሌላው እጃቸው የኔን ጭንቅላት ይዘው፣ በአንድ እግራቸው እየዘለሉ ወጣን። በየዝላዩ "ወይኔ! ወይኔ!" ይላሉ፤ ለእግራቸው ይሁን ለገብሳቸው እንጃ። አንገቴ ወደ ደረቴ ሊገባ ምንም አልቀረው።

ወሰኑ ላይ ስንደርስ "ካሴ!" አሉ።

ማጭዱ ሁሉ ቆመ። ካሴ ባርኔጣውን አውልቆ ዞረ። ፊቱ ቦግ አለ። "አቤት አያ ደምለው!" አለ፣ ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ "ስሜን ጠሩኝ እኮ፣ ሰማችሁ?" አለ።

"መሬቱ አልበቃ ብሎህ እህሉን ጀመርህ?"

"ኧረ አያ ደምለው፣" አለ ካሴ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ "የአንቱ አውድማ ታች ነው፤ ሰሞኑን ውሃ ቋጥሯል። ነዶው እዚያ ቢከመር ይበሰብሳል። የኔው ከፍ ያለ ነው። ይኸውልዎ ክምሩ፣ ለብቻው ነው፤ የማንም አልተቀላቀለበትም። እግርዎ ሲድን ይወቁታል።"

አያ ደምለው ክምሩን አዩ። እኔም አየሁ። ከክምሩ ወዲያ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁና "አያ፣ የሱ ገብስ እኮ ምንም አልታጨደም" አልሁ።

እውነት ነበር። የካሴ ማሳ፣ ያ የተጣሉበት መሬት፣ ዛላው ከብዶት ዝም ብሎ ቆሟል። አንድ ጭብጥ አልተነካም። ከጉና በኩል ደግሞ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነጎድጓዱ ከሩቅ ያጉረመርም ነበር። አያ ደምለው ገብሱን አዩ፣ ደመናውን አዩ፣ ካሴን አዩ።

"የአንተስ?" አሉ በቀስታ።

"የኔ ይደርሳል።"

"ካልደረሰስ?"

"ካልደረሰ የተረፈውን እለቅማለሁ፤ እኔ እግሬ ደኅና ነው።"

"ማን ላከህ? አባ ፈንታ ናቸው?"

"ማንም አልላከኝ፤" አለ ካሴ መሬት መሬት እያየ። "እኔም እኮ እቀየምዎ ነበር፤ ሰው ፊት እሑድ እሑድ ሲያዋርዱኝ፣ ለምን አልቀየም? ትናንት ማታ ግን አባታችን ሆይ ስል፣ ይቅር በለን የሚለው ላይ ስደርስ እርስዎ ከነእግርዎ መጡብኝ። ብል ብል ማለፍ አቃተኝ። ጧት ሰው ጠርቼ መጣሁ።"

አያ ደምለው ወሰኑ ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደኛ እንደ ልጆቹ፣ ጺማቸው እስኪረጥብ አለቀሱ። "አያ፣ እግርዎ ነው?" አልኋቸው።

"እግሬ አይደለም ልጄ" አሉ። "ይኸን ሁሉ ዘመን የእግዜርን ቁጣ ስጠብቅ ነበር። ዛሬ ይመታኛል፣ ነገ ይመታኛል እያልሁ። ቁጣውንማ እችለው ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ እችለው ነበር። ቸርነቱን ላከብኝ! ማጭድ አስይዞ ላከብኝ! ይኸን እንዴት አድርጌ ልቻለው?"

ካሴ መጥቶ አጠገባቸው ተንበረከከና ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸው ጭንቅላቱን ይዘው ግንባሩን ሳሙት። ከዚያ በድንገት ያ የድሮ ድምፃቸው ተመለሰ። "ምን ትገተራላችሁ? ዝናቡን አታዩም? ማጭድ ስጡኝ!"

"አያ ደምለው፣ እግርዎ…"

"በእግሬ ላጭድ ነው እንዴ? ማጭድ አልሁ!"

ሰጧቸው። ቂጣቸው ላይ ተቀምጠው፣ የታሰረ እግራቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ የካሴን ገብስ ማጨድ ጀመሩ። ፊታቸው ያለውን ይጨርሱና በእጃቸው እየተደገፉ ፈቅ ይላሉ፤ ያጭዳሉ፣ ፈቅ ይላሉ። ሰዉ ሁሉ እየሳቀ፣ እንባውን እየጠረገ፣ የቀረችውን የኛን ማሳ ጥግ ጨርሶ ወደ ካሴ ማሳ ገባ። እኔም ነዶ ተሸከምሁ፤ ሌባውን ረዳሁት ማለት ነው። እምዬ አንጓች ውሃቸውን አዝለው ብቅ ሲሉ፣ ባላቸውን በካሴ ማሳ መሃል ተቀምጠው አዩና ክው ብለው ቆሙ።

"ኧረ በገብርኤል! ሰውዬው አበደ ወይስ ዳነ?"

"ዳነ! ዳነ!" አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ። እምዬ ከነጀሪካናቸው እልልታውን አቀለጡት።

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ በረዶ ቀላቅሎ መጣ። ከካሴ ገብስ አንድ ጥግ ሳትታጨድ መትቷታል፤ የቀረው ግን ተርፎ ተከመረ። ያ ሽታ የዚያ ዕለት ነው፤ እርጥብ ገብስ፣ እርጥብ ጭድ፣ የሰው ላብ። አያ ደምለውን ጭቃው ላይ ማዘለል ስለማይሆን በቃሬዛ ተሸክመው አወረዷቸው። መንገድ ላይ አንድ መንገደኛ ቃሬዛውን አይቶ ደንግጦ "ውይ፣ አያ ደምለው ሞቱ እንዴ?" አለ።

"አልሞቱም፤ ተነሡ!" አለ ካሴ ከቃሬዛው ሥር። አያ ደምለው ከላይ ሆነው "ዝም ብለህ ተሸከም!" አሉ፤ ሲስቁ ግን ቃሬዛው ይነቃነቅ ነበር።

አባ ፈንታ መጥተው መሐላውን ፈቱላቸው። ቀኖና ሲሰጧቸው "በዚህ እግር ስግደት አይሆንም" አሉ። "ስለዚህ ጧት ጧት ቀድመው ካሴን እንዴት አደርህ ይበሉት።" ቀላል መስሏቸው ነበር። ካሴ ግን የሠላሳ ዘመን ልማድ እንዳለው ሰው ሁልጊዜ እሱ ይቀድማል። አያ ደምለው ሊቀድሙት ገና ጎሕ ሲቀድ መስኮቱን ከፍተው "ካሴ! እንዴት አደርህ!" ብለው ይጮኻሉ። ካሴ ከላይ ሆኖ "ቀድሜዎታለሁ፣ ቅድም ብያለሁ፣ ስላልሰሙ ነው!" ይላል። መንደሩ በሙሉ ዶሮ ሳይሆን እነሱን እየሰማ መነሣት ጀመረ።

እምዬ ነጩን ቀሚስ በልደት ለበሱት። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ሲቆርቡ አይቻለሁ፤ የእምዬ ፊት የሙሽራ ፊት ነበር። ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ከዚያ በፊት ያለውን፣ አያ ደምለው ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡበትን እሑድ ነው።

ደጁ ጋ ስንደርስ እንደወትሮው ተሳለሙ። እኔ ቅጥሩ ሥር ቦታዬን ያዝሁ። እሳቸው ግን ወደ ጎን አልዞሩም። ካሴ ክንዱን ሰጣቸው፤ ዱላቸውን ለኔ ሰጡኝና በሱ ተደግፈው፣ እያነከሱ ገቡ። ሰዉ ዞር ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። አሮጊቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ደግሞ ልቤ ድንግጥ አለ። ሁሉም ገባ፤ ደጁንስ ማን ይጠብቅ?

ሌላ ሰው አልነበረም። ዱላውን ፊቴ ተከልሁ፤ ከኔ ቁመት ይበልጣል። ቅጥሩን ተደግፌ ቆምሁ። ዘግይቶ ለመጣው ሁሉ "ግቡ፣ ግቡ" እላለሁ። እግሬ በብርድ ደነዘዘ፣ ግን አልነቃነቅም። ቃጭሉ ሲሰማ ጎንበስ አልሁ። እግዚኦታው ሲመጣ የአያ ደምለው ድምፅ ከውስጥ፣ ከሰዉ ሁሉ በላይ ሲወጣ ሰማሁት። ምን እንደሆንሁ አላውቅም፣ ብቻዬን ደስ አለኝ።

ቅዳሴው ሲያልቅ አያ ደምለው ካሴን ተደግፈው ወጡ። በአንድ እጃቸው ያቺን ትንሽ ቅል ይዘዋል፤ ጠበሉ እንዳይፈስ ዓይናቸውን ከሷ አይነቅሉም። ፊቴ መጥተው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ ጠጣሁ።

"አንቺ ልጅ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ደጁን እየጠበቅሁ ነዋ። አንቱ ገቡ፤ ሌላ ዘበኛ የለም።"

ካሴ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አያ ደምለው ግን አልሳቁም። ዝቅ ብለው ጉንጬን በዚያ ሻካራ እጃቸው ያዙኝ።

"ትርንጎዬ፣ ይኸ ደጅ እኮ ዘበኛ ኖሮት አያውቅም።"

"ታዲያ አንቱ እስከዛሬ ማንን ነበር የሚጠብቁት?"

"አንድ ግትር ሽማግሌ አለ፣ እሱ እንዳይገባ።"

"ገባ?"

"ገባ" አሉ። "ሊያባርሩት ነው ስል፣ ክንዱን ይዘው አስገቡት።"

ዱላውን ከእጄ ወስደው ቅጥሩ ላይ አስደገፉት። ከዚያ እጄን ይዘው "ነይ፣ አንቺም በብርድ አለቅሽ፤ ግቢና ተሳለሚ" አሉኝ። አብረን ገባን። ዱላው እዚያው ደጅ ቀረ፤ ቤት ደርሰን ምሳ እስክንበላ ድረስ ማናችንም አላስታወስነውም።